ከማን አንሼ፣ ከማን በልጬ

‹‹መምህር፣ ሂሳቡ ተከፍሏል›› አለችን አስተናጋጇ።

ሦስት ነን። ሦስታችንም በአንድ ወቅት ጠመኔ ይዘን የቆምን፣ ዛሬ ግን በሳምንት አንድ ቀን ስድስት ኪሎ አካባቢ ካለች አንዲት ሻይ ቤት ተገናኝተን በሁለት ማኪያቶና ስኳር በሌለው አንድ ሻይ አገር ስናቀና የምናረፍድ ሰዎች ነን። ሂሳብ ከፋይ ከየት መጣ ብለን ዞር ስንል አንድ ጎልማሳ ፈገግ እያለ ወደ እኛ መጣ። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠን። ‹‹መምህር፣ ዛሬም አልተለወጡም እኮ!›› አለኝ። ጤናዬን ጠየቀ፣ ስልኩን ሰጠኝ፣ በር ላይ ወደቆመች፣ ከፍ ብላ መስታወቷ ወደጠቆረ መኪና ገብቶ ሄደ።

ልጁ በደግነት ነው የተናገረው። እኔ ግን ‹‹አልተለወጡም›› የምትለዋን ቃል ይዤ ያየሁት ወደ ኮቴ ነው። እውነትም አልተለወጠም። አስተምር በነበረ ጊዜ የምለብሰው ኮት ነው።

‹‹ተማሪህ ነበር?›› አለኝ አንዱ ወዳጄ።

‹‹ነበር። በሥነ ጽሑፋዊ ሂስ ‹ሲ› ሰጥቼዋለሁ። ያውም አዝኜለት።››

‹‹ይገርማል! እንግዲህ ያንተን ‹ሲ› ይዞ ነው ይቺን መኪና የነዳት!››

ሳቅን። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። ለጥቂት ጊዜ ሦስታችንም የየራሳችንን ብርጭቆ ስናይ ቆየን። በመጨረሻ ሌላው ወዳጃችን፣ ያ ሻይ ጠጪው፣ ከመንገዱ ማዶ ካርቶን አንጥፈው የተቀመጡትን አንድ ሽማግሌ በአገጩ እያመለከተ፣ ‹‹ተውት እባካችሁ! ተመስገን ነው፤ የባሰ አለ›› አለ። ሽማግሌውን አየናቸው። እንዲያው ምን ልበላችሁ፣ ቀለል አለን። ወሬያችን ወደ ቦታው ተመለሰ።

ቤቴ ገብቼ ነገሩን ሳሰላስለው ግን ቀለል ማለቱ ራሱ ከበደኝ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ወደ ላይ አይተን ቆሰልን፤ ወደ ታች አይተን ዳንን። ለቁስላችን መድኃኒት ያደረግነው የሌላ ሰው ቁስል ነው። ይህንንም ‹‹ተመስገን›› ብለን ጠራነው።

ስለ ፉክክር ብዙ ተብሏል። ‹‹ከማን አንሼ!›› የሚለውን ቃል ሰባኪውም ጋዜጠኛውም ሲያወግዘው ሰምተናል። ‹‹የሰው ወርቅ አያደምቅ››ንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። እኔ ዛሬ መተቸት የምፈልገው ግን ሌላውን፣ ማንም የማያወግዘውን፣ እንዲያውም የትህትና ልብስ ለብሶ የሚዞረውን ‹‹ከስንቱ እሻላለሁ›› የሚለውን ምስጋናችንን ነው። ሁለቱ መንትዮች ይመስሉኛል። አንዱ መሰላሉን ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ያያል፤ መሰላሉን ግን ሁለቱም አልወረዱም።

የሥነ ጽሑፍ መምህር አመሉ አይለቀውምና አንድ ምሳሌ ከምናውቀው ልብ ወለድ ልውሰድ። በ1958 ዓ.ም. በታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር›› ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ለማን ይድሩ? ጠያቂ መጥቶ ነበር። ግን የአንዱ ትውልድ ከእሳቸው አይስተካከልም፣ የሌላው ዘር ያንሳል፤ ሁሉንም በዘር ሐረግ እየለኩ ይመልሳሉ። ልጅቱ ግን በአባቷ ቤት ዕድሜዋ ይገሰግሳል፤ ጠያቂም እያደር ይጠፋል። ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ፊታውራሪን የሚያነቧቸው እንደ ትዕቢተኛ ነበር። ልክ ነው። እኔ ግን ዕድሜዬ ሲገፋ የሚታዩኝ እንደ ተጨነቀ ሰው ነው። ሰው ሁሉ ከእሳቸው በታች ሆኖ እንኳ ዕረፍት የላቸውም፤ የበላይነት በየቀኑ ጥበቃ ይፈልጋላ! ‹‹እሻላለሁ›› ማለት እንደማያሳርፍ ከእሳቸው በላይ ምስክር ያለ አይመስለኝም።

ፊታውራሪ ዘራቸውን ለኩ፤ እኛ ሌላውን ሁሉ እንለካለን። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የሠርግ አዳራሽ፣ የመኪና አጀብ፣ የሶፋ ስፋት። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን መለኪያው ለአምላክ ብለን ባቆምነው ነገር ውስጥ ሲገባ ነው። ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት በየወሩ በ21 የሚጠጣ የማርያም ማኅበር ነበራቸው። ጽዋው ከቤት ቤት ይዞራል። ዱሮ ዳቦና ጠላ፣ ንፍሮና ቆሎ ነበር፤ ከዚያ የሚተርፈውን ነዳያን ይቀምሱታል። እያደር አንዷ ማኅበርተኛ ዶሮ ጨመሩ፤ ተከታይዋ ክትፎ፤ ሌላዋ የጠርሙስ መጠጥ በሣጥን። የእኚያ እናት ተራ ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው ‹‹ጤና አጣሁ›› ብለው ከማኅበሩ ወጡ። ጤናቸው ደህና ነበር። ‹‹ጽዋውን በምን ፊቴ ልቀበል?›› ነው ያሉት ለባለቤቴ። በእመቤታችን ስም ከተሰበሰበ ጉባኤ፣ በእመቤታችን ስም የመጣ ድግስ አንዲት ድሀ አስወጣ። የሚብሰው ደግሞ የቀሩት ማኅበርተኞች ‹‹ተመስገን፣ እኛ እንኳ አላቃተንም›› ሳይሉ አለመቅረታቸው ነው።

የሃይማኖት ቤቶቻችንም ከዚህ ነፃ አይደሉም። ለሕንፃ ማሠሪያ ገንዘብ ሲሰበሰብ የሰጪው ስምና የብሩ መጠን በድምፅ ማጉያ እየተጠራ፣ ለትልቁ እልልታ፣ ለመካከለኛው ጭብጨባ፣ ለአምስት ብር ዝምታ ሲታደል አይቻለሁ። ሁለት ሳንቲም የጣለችው የወንጌሏ መበለት በዚያን ቀን ብትመጣ ስሟን የሚጠራ አልነበረም። በሌላው አዳራሽ ደግሞ ሰባኪው ለተሰበሰበው ሁሉ ‹‹ዘንድሮ ትበልጣላችሁ፣ ከፊት ትሆናላችሁ›› ሲል ‹‹አሜን!›› ጣሪያ ይነካል። ሁሉም ከፊት ከሆነ ከኋላ ማን ይቀራል ብሎ የሚጠይቅ የለም። ምእመኑ ፉክክሩን ትቶ ሊወጣ የመጣበት ቤት መልሶ ስንቅ ያስይዘዋል።

ታዲያ ወንጌል ይህንን ነገር አያውቀውም? ከእኛ በላይ ያውቀዋል እንጂ! በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ሁለት ሰዎች ሊጸልዩ ወደ መቅደስ ይወጣሉ። የፈሪሳዊው ጸሎት በምን እንደሚጀምር ልብ ብላችኋል? በምስጋና ነው። ምንም አልለመነም። ያመሰገነው ግን እንደ ሌሎች ሰዎች፣ በተለይም ከኋላው እንደቆመው ቀራጭ ባለመሆኑ ነው። ለብዙ ዓመት ይህንን ምሳሌ የትዕቢት ምሳሌ ብቻ አድርጌ ሳነብ ኖርኩ። ያን ቀን ከሻይ ቤት ከተመለስኩ በኋላ ሳነበው የራሳችንን ጠረጴዛ አየሁበት። የኛ ጓደኛ በአገጩ ሽማግሌውን እንዳመለከተ፣ ፈሪሳዊውም ቀራጩን ነበር የሚያመለክተው። ጸድቆ ወደ ቤቱ የተመለሰው ግን ማንንም ያላየው፣ ዓይኑን እንኳ ቀና ያላደረገው ሰው ነው።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ፤ ሌላውን ብቻ ከተቸሁ የፈሪሳዊው ሦስተኛ ወገን መሆኔ ነው።

ለዓመታት በአንድ ቢሮ ጠረጴዛ የተጋራን ባልደረባ ነበረኝ። ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ገባ። ዋሽንግተን ከተማረ ሰው ይልቅ መኪና የሚያቆም ሰው ትፈልግ ኖሮ፣ እሱም ማታ ማታ መኪና ማቆሚያ ውስጥ እየሠራ፣ ቀን ቀን እየተማረ ኑሮውን አቀና። በየእሑዱ ይደውልልኝ ነበር። አንድ ቀን ቤት ገዛሁ አለኝና ፎቶውን ላከ፤ ከፊቱ ሣር ያለው፣ ሁለት ፎቅ። ‹‹እንኳን ደስ ያለህ›› አልኩት። ከዚያ እሑድ በኋላ ስልኩን አንዳንዴ አላነሳውም ጀመር። እያደር ‹‹አንዳንዴ›› የምትለዋ ቀረች። ለባለቤቴ ‹‹የአሜሪካ ሰው ወሬው ስለ ቤትና ስለ መኪና ብቻ ሆነ›› አልኳት። እሱ እኮ ስለ ቤቱ ያወራው አንድ ቀን ነው።

በ2008 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የቤት ብድር ቀውስ ሲመጣ ብዙ ሰው ቤቱን አጣ። የሱንም ባንክ እንደወሰደበት ከአንድ የጋራ ወዳጃችን ሰማሁ። አዘንኩ። እውነቴን ነው፣ አዘንኩ። ግን ከሐዘኑ ሥር ቀዝቀዝ ያለች ትንሽ ነፋስ ሽው ስትል ተሰማችኝ። የዚያኑ ዕለት ማታ ደወልኩለት። አይዞህ አልኩት፣ ንብረት ነው ይተካል አልኩት፣ መጽሐፈ ኢዮብን ሳልጠቅስ አልቀረሁም። ዝም ብሎ አዳመጠኝና ሲጨርስ እንዲህ አለ፤

‹‹ደግ አደረግክ። ቤቱ እያለ ግን የት ነበርክ?››

መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።

እኛ የሐዘን ጊዜ ሰዎች ነን። ለለቅሶ ዕድር አለን፣ ድንኳን አለን፣ ሦስት ቀን አብሮ የሚያድር ጎረቤት አለን። በዚህ ብንኮራ አይፈረድብንም። ለሰው ደስታ ግን ምን አለን? ሠርጉ ላይ በዓይናችን የሳህኑን ብዛት ቆጥረን እንመለሳለን። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ከሚያዝኑት ጋር ማዘንን ሳይረሳ፣ ያስቀደመው ግን ደስ ከሚላቸው ጋር ደስ መሰኘትን ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲያው የወደቀ አይመስለኝም። ለወደቀ ሰው ማዘን ወደ ታች ማየት ስለሆነ ለኩሩ ሰውም አይከብድም። የሚከብደው ቀና ብሎ አይቶ ሳይቆስሉ መደሰት ነው።

ይህንን ይዤ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ረጅም ስብከት ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን፣ ‹‹ልጄ፣ ጠዋት ጠዋት ስሙን ጥራ። ለጎደለው ብቻ አይደለም፤ ስላለው ነገር አመስግንለት›› ብቻ አሉኝ። ቀላል መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከንፈሬ ነው ያመሰገነው፤ ልቤ ከኮቴ ኪስ አልወጣም ነበር። ከወራት በኋላ ግን አንድ ጠዋት፣ ልጁ ከኮሌጅ መመረቁን ሰምቼ፣ ‹‹ተመስገን›› የምትለዋ ቃል ሳላስበው ወጣች። ከኋላዋ ‹‹ከ›› የሚል ቅጥያ አልነበራትም። ከማን እንደምበልጥ፣ ከማን እንደማንስ አልነገረችኝም። የዚያን ቀን ያየሁትን ያህል ዕረፍት ከየትኛውም ‹‹የባሰ አለ›› አግኝቼ አላውቅም።

እምነት በዚህ ጉዳይ የሚያደርገው ነገር ይህ ይመስለኛል። ያለህ ብዙ ነው ብሎ አያሳምንህም፤ የጎረቤትህም ጥቂት ነው አይልህም። ዓይንህን ከሰው ላይ ያነሳዋል። የዮሐንስ ወንጌል የመጨረሻውን ምዕራፍ ተመልከቱት። በጥብርያዶስ ባሕር ዳር፣ ከሰል ተያይዞ፣ ዓሣና እንጀራ ተበልቶ፣ ጴጥሮስ ከክህደቱ በኋላ ሦስት ጊዜ ስለ ፍቅሩ ተጠይቆ መንጋውን ተረክቧል። በምን ዓይነት ሞት እንደሚሞት እንኳ ተነግሮታል። ሰው ከዚህ የሚበልጥ የብቻ ንግግር ከጌታው ጋር ሊኖረው ይችላል? እሱ ግን ዞር ብሎ ዮሐንስን አየና፣ ይኼስ ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀ። ኧረ ጴጥሮስ! መልሱ አጭር ነው፤ እሱን አቆየሁትም አላቆየሁትም ላንተ ምንህ ነው፣ አንተ ተከተለኝ የሚል ነው። ጌታ ዮሐንስ ካንተ ያንሳል ወይም ይበልጣል አላለውም። ጥያቄውን ራሱን ከእጁ ወሰደበት።

ጳውሎስም በእስር ሆኖ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ ባለው ኑሮ መርካትን እንደ ተማረ ይነግራቸዋል። ‹‹ተማርኩ›› ማለቱን እወድለታለሁ፤ ተፈጥሮዬ ነው አላለም። ደግሞ የተማረው መራብን ብቻ አይደለም፤ መጥገብንም ጭምር ነው። እኛ ማጣት እንጂ ማግኘት ትምህርት የሚፈልግ አይመስለንም። ያቺ ጽዋ በክትፎ የተቀየረችው ግን ማግኘትን ባለመማራችን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልተናገርኩ ጽሑፌ ለክፉ ሰው መሣሪያ ይሆናል። ሠራተኛው ደመወዝ አነሰኝ ሲል ‹‹ባለህ ርካ፣ ሰው አትመልከት›› የሚል አሠሪ አውቃለሁ። ይህ ወንጌል አይደለም፤ የኪስ ጥበቃ ነው። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20ን እንይ። ባለ ወይኑ ሠራተኛ ሲቀጥር ውሎ የመጨረሻዎቹን የቀጠረው በ11 ሰዓት ነው። የኛ ሰዓት አቆጣጠር ከመጽሐፉ ጋር ስለሚገጥም ሊመሽ ምን ያህል እንደቀረ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ማታ ለሁሉም አንድ አንድ ዲናር ሰጠ። ከጠዋት የዋሉት አጉረመረሙ። ያጉረመረሙት ግን የተዋዋሉት ዲናር ጎድሎ አልነበረም፤ እነዚያ ከእነሱ እኩል ስለሆኑ ነው። አያችሁ፣ ባለ ወይኑ አፉን ሞልቶ ሊመልስላቸው የቻለው የተስማሙበትን ደመወዝ፣ በዚያው ዕለት ማታ፣ ሳያጎድል ስለከፈለ ነው። የሠራተኛን ደመወዝ ይዞ ስለ መርካት የሚሰብክን ሰው የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 የሚጠብቀው በሌላ ቃል ነው። መብትን መጠየቅ ምቀኝነት አይደለም። ጥያቄው ‹‹የኔ ይገባኛል›› ከሆነ ፍትሕ ነው፤ ‹‹የእሱ ለምን ደረሰው›› ከሆነ ያው የኔ የእሑዱ ስልክ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሻይ ቤቷ ስሄድ አስቀድሜ መንገዱን ተሻግሬ ሽማግሌው ዘንድ ደረስኩ። እውነት ለመናገር እንደ መድኃኒት የተጠቀምኩባቸውን ሰው ሰላም ልበል ብዬ ነው። ‹‹እንደምን ዋሉ አባባ?›› አልኩ። ‹‹ይመስገነው ልጄ›› አሉ። አሥር ብር ሰጠኋቸው። ከአጠገባቸው ሌላ ሰው ተቀምጦ ነበርና ለእሱ ሃያ ብር ሰጠሁት። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ።

‹‹ምነው ልጄ? እሱ እኮ ዛሬ ነው የመጣው!›› አሉኝ።

በዚያ መንገድ ዳር፣ መኪና እየጮኸብኝ፣ ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸውም ጥርሳቸውን ሸፈን አድርገው ሳቁ። የ11 ሰዓቱ ሠራተኛ ካርቶን ላይ ተቀምጦልኛል! ድሀ ሁሉ የረካ፣ ሀብታም ሁሉ የተጨነቀ ነው የሚሉ ሰባኪዎች ይቅር ይበሉኝና፣ በሽታው መኪና ያለውንም ካርቶን ያለውንም አይለይም።

አማርኛችን እንዲህ ያለውን ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራው አስቡት። ‹‹የኔ ቢጤ›› ነው የሚለው። ቢጤ ማለት አቻ፣ እኩያ ነው። ይህንን ስም ለለማኝ የሰጠ ሰው ማን እንደሆነ አናውቅም፤ ግን ወደ ታች ላለማየት የወሰነ ሰው ሳይሆን አይቀርም። በየቀኑ እንጠራዋለን፤ አንሰማውም። አቡነ ዘበሰማያትንም እንዲሁ። የዕለት እንጀራችንን ስጠን ስንል ‹‹የኔን›› አንልም፤ ‹‹የኛን›› ነው የምንለው። የለመንነው ለባለ መኪናውም፣ ለባለ ካርቶኑም፣ ለዋሽንግተኑ ወዳጄም ጭምር ነው። ሲደርሳቸው ታዲያ ለምን ይከፋናል?

ለሽማግሌው የቀረችውን አሥር ብር ጨመርኩላቸውና ተሻግሬ ወደ ወዳጆቼ ገባሁ። ሻይ ጠጪው ቀድሞ አዝዟል። ‹‹ከማን ጋር ነው የምትሳሳቀው?›› ሲለኝ ‹‹ከቢጤዬ ጋር›› አልኩት። አልገባውም። ኪሴ ውስጥ ያ ተማሪዬ የሰጠኝ ስልክ ቁጥር ነበረ። ሳምንቱን ሙሉ ላለመደወል ምክንያት ስፈልግለት ሰንብቻለሁ። አወጣሁና ደወልኩ፤ ‹‹ያለፈው ሳምንት ሳላመሰግንህ ቀረሁ፣ መኪናህም ታምራለች›› አልኩት። ወዳጆቼ ተያዩ። ልጁ በደስታ ምን እንደሚል ጠፋበት።

ደግሞስ፣ ያ ‹‹ሲ›› ትንሽ አንሶበት ይሆን?

ቸር ያሰንብተን።